ፈርነሱ ከተቀየረ ወዲህ መስኮታችን ያልበዋል

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሴይንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው። ባለፈው መስከረም ቤቱን የሚያሞቀውን የድሮውን ፈርነስ አስነቅለን ጋዝ የሚቆጥበውን አዲሱን አስገባን። ብርዱ ሲመጣ መስኮቱ ሁሉ ያልበው ጀመር። ጠዋት ከሥሩ በረዶ ይሠራል፣ በልጆቹ ክፍል ጠርዙ ጠቁሯል። ፈርነሱ በቀጭን ቱቦ ውሃ ሲያፈስ አያለሁ። እርጥበቱ የሚመጣው ከዚያ ይሆን? ትንሹ ልጄን ደግሞ ስለሚነስረው አየሩን የሚያረጥበውን ሂውሚዲፋየር 45 ከመቶ ላይ አድርጌዋለሁ።
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ቱቦው ጥፋት የለበትም። ውሃ ማፍሰሱን ቢያቆም ነው የሚያሳስበኝ። አዲሱ ፈርነስ ከጋዙ ሙቀት ከ90 ከመቶ በላይ ስለሚጠቀም ጭሱ ይበርዳል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው እንፋሎትም ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ ወደ ፍሳሽ ይወርዳል እንጂ ከቤቱ አየር ጋር አይገናኝም።

የድሮው ፈርነስ የሚነደው የቤታችሁን አየር እየሳበ ነበር። አየሩ በጭስ ማውጫው ሲወጣ በየስንጥቁ ደረቅ የውጭ አየር ይተካል። ማንም ሳይጠይቀው ቤቱን ሲያደርቅላችሁ ኖሯል ማለት ነው። አዲሱ የሚተነፍሰው በሁለቱ የፕላስቲክ ቱቦዎች ነው፤ በአንዱ ከውጭ ይስባል፣ በሌላው ወደ ውጭ ያስወጣል። ስለዚህ የሻወሩም የድስቱም እንፋሎት እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል።

በዚያ ላይ 45 ከመቶ! ለጥቅምት ብዙም አይከፋም፣ ለጥር ግን በጣም ይበዛል። ብርዱ ሲጠና ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ አለብዎ። ውጭው ከ20 ፋራናይት በላይ ከሆነ እስከ 40 ከመቶ ይቻላል። ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከ30 አይለፉ። ከዜሮ በታች 20 የገባ ዕለት 15 ይበቃል። ይህ ለባለ ሁለት መስታወት መስኮት ነው፤ የእርስዎ ነጠላ ከሆነ ከዚህም ይቀንሱ። የሂውሚዲፋየሩን ቁልፍ ብዙ አይመኑት። ከ10 እስከ 15 ዶላር የሚሸጥ የእርጥበት መለኪያ ገዝተው መኝታ ክፍል ያስቀምጡ፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርገው።

በሥራዬ ብዙ ሐበሻ ቤት እገባለሁ። የበዓል ዋዜማ ዶሮው ግማሽ ቀን ሲንተከተክ፣ ምጣዱ ሲጨስ፣ ቡናው እስከ በረካ ሲፈላ ሂውሚዲፋየር ምን ይሠራል? ያጥፉት። የምድጃው ፋን በእርግጥ ወደ ውጭ የሚያወጣ መሆኑንም ይዩ። ብዙው ቅባቱን ብቻ አስቀርቶ እንፋሎቱን ፊትዎ ላይ ይመልሰዋል። የሻወሩን ፋን ከታጠቡ በኋላ 20 ደቂቃ ይተዉት። ቀን ቀን መጋረጃው ይከፈት፣ ሙቀቱ መስታወቱ ጋ እንዲደርስ።

ለልጁ፣ ቤቱን 74 ፋራናይት ላይ የሚያሞቁ ከሆነ 69 ያድርጉት፤ አየሩ ያን ያህል ደረቅ አይሆንበትም። ለአፍንጫው የሚረጭ የጨው ውሃ ይስማማው እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። በጠቆረው ክፍል ግን ተጨማሪ ሂውሚዲፋየር አያስገቡ።

አሁን ቤዝመንት ይውረዱልኝ። በአሮጌ ቤት የጋዝ ውሃ ማሞቂያውና ፈርነሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጭስ ማውጫ ይጋራሉ። ፈርነሱ ሲወጣ ማሞቂያው ብቻውን ይቀራል። ጭስ ማውጫው ለእሱ ብቻ ይሰፋዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ጭሱን በደንብ አይስብም። ያኔ የተቃጠለው ጋዝ ተመልሶ ቤት ይገባል፤ እንፋሎት አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊኖረው ይችላል። በርና መስኮቱን ዘግተው ፋኖቹን ሁሉ ያብሩ፣ ሙቅ ውሃ ይክፈቱ። ማሞቂያው ከተነሣ ጥቂት ደቂቃ ሲያልፍ ከአናቱ፣ ቱቦው ከሚጀምርበት ክፍት ቦታ አጠገብ ትንሽ የዕጣን ጭስ ያስጠጉ። ወደ ውስጥ ከተሳበ ጥሩ ነው። ወደ እርስዎ ከተመለሰ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ መስኮት ከፍተው ባለሙያ ይጥሩ፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ ቱቦ ማስገባት ያስፈልግ እንደሆነም ይጠይቁት። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርምም ይኑርዎ። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ እንዲኖር ያዛል።