ስለ ዌስትብሩክ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ ከኮች ጋር

ኮች፦ ሰላም ነው ቤተሰብ። ሰሞኑን ስለ ኤንቢኤው ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ራስል ዌስትብሩክ ስትጨቃጨቁ አይቼ አላስችል አለኝ። እኔ ራሴ እንደሱ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታ የሚመራ) ነበርኩ፣ አሁን ደሞ አራት ኪሎ ወወክማ ልጆች አሰለጥናለሁ። ጠይቁ። ግን ሃይላይት አይታችሁ አትምጡብኝ፣ ሙሉ ጨዋታ እዩ።

የፒያሳው፦ ኮች፣ አራት ሲዝን ሙሉ ትሪፕል ደብል (ነጥብ፣ ሪባውንድ ማለት የተሳተ ኳስ ማንሳት፣ አሲስት ማለት ለሚያስገባ ማቀበል፣ ሶስቱም 10ና ከዛ በላይ) አቨሬጅ ያደረገ ሰው እንዴት ነው ለቁጥር ብቻ ነው የሚጫወተው የሚባለው?

ኮች፦ ጎሽ፣ ይሄ ነው ጥያቄ። በ2016-17 በጨዋታ በአማካይ 31.6 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድ፣ 10.4 አሲስት፣ በሲዝኑ 42 ትሪፕል ደብል አድርጎ የኦስካር ሮበርትሰንን የ41 ሪከርድ ሰበረ፣ ኤምቪፒም (የሲዝኑ ምርጥ ተጫዋች) ሆነ። ሪባውንዱን የቡድኑ ሴንተር (ቅርጫት ስር የሚጫወተው ረጅሙ) ስቲቨን አዳምስ ቦክስ አውት እያደረገ (ተጋጣሚውን በጀርባው እየዘጋ) ይተውለት ነበር፣ አዎ። ግን ለምን? ሴንተሩ ካነሳት ጋርዱን ፈልጎ እስኪያቀብል ድረስ ተጋጣሚ ተመልሶ ይደራጃል፣ ዌስትብሩክ ራሱ ካነሳት ግን እግሩ መሬት ሲነካ ተፈትልኳል፣ ማንም ዞሮ ሳይቆም ቅርጫቱ ስር ደርሷል። የቡድን ጓደኛው ኮከቡ ዱራንት ጥሎት በሄደበት ዓመት ቡድኑ ኦክላሆማ 47 ጨዋታ ያሸነፈው በዚህ ነው። ጥፋቱም አለ፣ ያን ዓመት በጨዋታ 5.4 ኳስ ያስነጥቅ ነበር፣ ይሄን ትሪፕል ደብሉ አይነግራችሁም።

ሌከርስ ብቻ፦ ትዕቢተኛ ነው ግን። አመለካከት የለውም።

ኮች፦ ምን ሲያደርግ አየኸው? የትኛው ጨዋታ ላይ?

ሌከርስ ብቻ፦ ሁሉም። በ2021-22 እኛ ሌከርሶች 33 አሸንፈን 49 ተሸንፈን ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፉ) ሳንገባ የቀረነው በማን ነው?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ ኧረ ተው! ኮከባችሁ ዴቪስ ግማሹን ሲዝን ጉዳት ላይ ነበር። ኩዝማንና ካልድዌል ፖፕን ሰጥታችሁ ስታመጡት ጨፍራችሁ አልነበር?

ሌከርስ ብቻ፦ እኔ አልጨፈርኩም።

ቡናዬ፦ የናንተ ነገር ጊዮርጊስ ሲሸነፍ ዳኛ እንደሚባለው ነው።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ ቡና ነው ዳኛ ላይ የሚያለቅሰው!

ኮች፦ እግር ኳሱን እዛው! ሌከርስ እያለ የነበረውን ነገር ልንገራችሁ። ኳሱ ሌብሮን ጋ ነው፣ ዌስትብሩክ ኮርነር ላይ ቆሟል። ጠባቂው ትቶት አንድ እግሩን ፔይንት (ቅርጫቱ ፊት ያለው ቀለም የተቀባ ቦታ) ውስጥ ከትቶ ሌብሮንን ይጠብቃል፣ ምክንያቱም ዌስትብሩክ ከሶስት ነጥብ ላይ ቢወረውር ደስታቸው ነው፣ በካሪየሩ ከመቶ 30 አካባቢ ነው የሚያስገባው። ይሄ ስፔሲንግ (ሜዳው ላይ ለሌላው ቦታ የመክፈት ጉዳይ) ነው፣ ትዕቢት አይደለም። እኔ የምወቅሰው ኳስ ሳይዝ ካት ስለማያደርግ (ወደ ቅርጫቱ ሰብሮ ስለማይሮጥ) ነው። ቆሞ ያያል። ለፖይንት ጋርድ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው። ደግሜ እላለሁ፣ ሃይላይት ላይ ይሄን አታዩትም።

አዲስ ገባ፦ ኮች ስለ ዌስትብሩክ ምን ትላለህ?

ኮች፦ ወንድሜ ከላይ አንብብ።

የፒያሳው፦ እሱ ወይስ ሌላው ፖይንት ጋርድ ስቴፈን ከሪ?

ኮች፦ ከሪ። ቀጣይ።

ቡናዬ፦ ዌስትብሪክ ማለትስ?

ኮች፦ ኳስ ይስታል ብሎ ለማሾፍ ስሙን ከ"ብሪክ" (የተሳተ ኳስ) ጋር ማጣመር ነው፣ እዚህ አይባልም። በ2022 ሰውየው ራሱ ወጥቶ የቤተሰቤ ስም ነው፣ ከእንግዲህ ዝም አልልም ብሏል። ልጆች አሉት።

አዲስ ገባ፦ ትዕቢተኛ አይደለም ግን?

ኮች፦ ኧረ በፈጠራችሁ! እሺ፣ አመለካከት የማየው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ልጅ ኳስ ተነጠቀና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዳኛውን ያያል፣ ያቺ ኳስ ቅርጫት ስትገባ እሱ እዛው ነው። ፊት ማጥቆር፣ መጮህ፣ ደረት መምታት ለኔ ምንም አይደለም። ኳስ ከተነጠቀ በኋላ አምስት ሴኮንድ ምን ያደርጋል? ዌስትብሩክ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚሮጥ ሰው ነው፣ 30 ዓመት ካለፈው በኋላ ከቤንች (ተቀያሪ ሆኖ) እየተነሳ በተጫወተበት ጊዜም እንደዛው ነበር የሚሮጠው። ይሄን እያየሁ አመለካከት የለውም ልል አልችልም።

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ ሙሉ ጨዋታ እዩ ትላለህ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ማን ይነሳል?

ኮች፦ ጠዋት ድጋሚውን እይ። ውጤቱን ሳታይ ግን።

ሳሪስ፦ ኮች ይቅርታ፣ ታናሽ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው፣ ፖይንት ጋርድ መሆን ይፈልጋል ግን ሲነግሩት ያኮርፋል። ላምጣሎት?

ኮች፦ አምጪው እህቴ። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ውሃ ይያዝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንት ኳስ ሳይነካ ካት ማድረግ ብቻ ነው የሚማረው። ካኮረፈም ያኩርፍ፣ ወደ ዲፌንስ እስከሮጠልኝ ድረስ።