ጠበልና መድኃኒት፣ ጸሎትና የታክሲ ሰልፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከመሐል ከተማ ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። ጉዳያቸው ቢለያይም የሁሉም ጭንቀት አንድ ነው፤ በእግዚአብሔር ኃይል ከታመንኩ የእኔ ድርሻ የቱ ጋ ያበቃል?

ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለመድረስ ሰልፍ እይዛለሁ። ዳዊት መድገም ከተውኩ ቆየሁ። ታክሲ ውስጥ የሚጸለይ ጸሎት ይቆጠራል?

ይቆጠራል፣ እህቴ። ቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት ሰባት ሰዓት ለይታለች፦ ነግህ፣ 3፣ 6 እና 9 ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታና መንፈቀ ሌሊት። ሰባቱንም ነገ ልጀምር ካልሽ ግን ሳምንት ሳይሞላ ትተዪዋለሽ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። በሁለቱ ጀምሪ። ከቤት ሳትወጪ ወደ ምሥራቅ ዞረሽ፣ አማትበሽ፣ አቡነ ዘበሰማያትና አንድ አጭር መዝሙር ድገሚ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ታክሲ ውስጥ ከስልክሽ አንብቢ። ሁለተኛው 3 ሰዓት ይሁን፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ሰዓት ነው (ሐዋ. 2፥15)። ወንበርሽ ላይ እንዳለሽ በልብሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ከአውራ ጣት በቀር የአንድ እጅ አንጓዎች 12 ናቸው፤ በእነሱ ቁጠሪ። ይህ ሲለመድሽ ሌላ ሰዓት ጨምሪ።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እንጦጦ ጠበል ቦታ ሱባዔ ሊይዙ ነው፤ ኢንሱሊኑንም «እምነት ማጉደል ነው» ብለው ሊተዉት አስበዋል። ምን ልበላቸው?

ሱባዔውን ይያዙ፣ ኢንሱሊኑን ግን እንዳይተዉ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ቢወሰዱ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረዋል። ሲራክ 38ን አብራችሁ አንብቡት፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ ሕመምተኛም ጸልዮ ለሐኪም ቦታ እንዲሰጥ ይነግራቸዋል። የሐዋርያት ሥራ 27ንም ጨምሩበት። ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከቡ ላይ ካሉት 276 ሰዎች አንድም እንደማይጠፋ ከመልአክ ሰምቶ ነበር፤ ሆኖም መርከበኞቹ ሊያመልጡ ሲሉ «እነዚህ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም» አለ። ተስፋውን አምኛለሁ ብሎ መርከበኞቹን አልናቀም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ጠበል በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበሉ መቆየት ደግሞ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ኢንሱሊኑን መተው በተቃራኒው ያንረዋል፤ ሁለቱም ሊገድሉ ይችላሉ። ስለዚህ ከመሄዳቸው በፊት የሚከታተላቸው ሐኪም ዘንድ ውሰጃቸው፤ ስንት ቀን እንደሚቆዩ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀምሱ ተናግረው መጠኑን እሱ ያስተካክልላቸው። የንስሐ አባታቸውም ጾሙን እንደ ሕመማቸው ሊያቀሉላቸው ይችላሉ። ኪሳቸው ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ። እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ ካላባቸው ወይም ንግግራቸው ከተምታታ ወዲያው ጣፋጭ ይውሰዱ፤ ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳይሰጧቸው ወደ ሕክምና ይወሰዱ። አጠገባቸው የሚያድር ሰው ይህን ይወቅ። መድኃኒቱ ፀሐይ አይንካው።

የቲቢ መድኃኒት የጀመራችሁም ጠበል ቦታ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ሳል ሲቀል ካቋረጣችሁት በሽታው መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል።

ፒያሳ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ገበያው ቀዝቅዟል። ጓደኛዬ «እምነት ካለህ ተበድረህ አስፋው፣ እሱ ይሞላዋል» ይለኛል።

ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14፥28)። ጸልይና ደብተር ግዛ። ለሦስት ወር የዕለት ሽያጭን፣ የዕቃ መግዣን፣ ኪራይንና ለቤት ያወጣኸውን ለየብቻ ጻፍ። ሁሉም ተቀንሶ የሚተርፍህ ከወሩ የብድር ክፍያ ካነሰ አትበደር። ቀድሞ የደረሰህን ዕቁብም ትርፍ አድርገህ አትቁጠረው፤ ጥለህ እስክትጨርስ ዕዳ ነው። ጓደኛህ ተስፋ የሚሰጥህ እግዚአብሔር ባልተናገረው ነገር ላይ ነው።

ንስሐ እገባለሁ፣ እጸልያለሁ፤ መጠጡ ግን አሸንፎኛል።

ወንድሜ፣ ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ «ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር (2ቆሮ. 12፥9)። ስለዚህ ድካምህን በዝርዝር ግለጠው። ለንስሐ አባትህ «በድያለሁ» ብቻ አትበል፤ የትኛው ቀን፣ የት ቤት፣ ከማን ጋር፣ በምን ገንዘብ እንደሆነ ንገራቸው። ዓርብ ከሥራ መልስ ከሆነ ዓርብ በሌላ መንገድ ሂድ፣ ኪስህ የታክሲ ብቻ ይኑር፤ ሠርክ ጉባኤ ባለበት ደብር ጎራ በል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝተህ ትጠጣ ከነበረ በአንድ ጊዜ ማቆም የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላልና ሐኪም እያየህ አቁም።

ስለት ተስለው ለማስገባት አቅም ያጡ እናትም በስልክ ጠይቀውናል። እናታችን፣ ተደብቀው አይቅሩ፤ ያለዎትን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፣ የሚችሉትን እሳቸው ይወስኑልዎታል። እስከዚያ ሌላ ስለት አይጨምሩ።