ከቀዶ ጥገናና ከጨረር በኋላ ስለሚነሣ የጭንቅላት ፔት ስካን፦ ለቡሬው ጠያቂ

የእህትዎ የጭንቅላት ዕጢ በቀዶ ጥገና ወጥቶ፣ የጨረር ሕክምናውም ካለቀ በኋላ በኤምአርአይ ላይ ነጭ ነገር በመታየቱ፣ ውጭ ሄዶ ፔት ስካን ማሠራት «ዕጢው ተጠርጎ መውጣቱን ያሳያል ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም ሳልሆን የደብረ ማርቆስ መምህር ነኝ፤ ነገር ግን ታላቅ ወንድሜን ይዤ በዚሁ መንገድ ስለተንገላታሁ፣ እርስዎም በዚያው ጉድጓድ እንዳይገቡ ዝም ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም።

አንደኛ፣ «ፔት ስካን» ተብሎ ብቻ ቀጠሮ አይያዙ። ፔት ጥቂት ጨረር የሚያወጣ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የት እንደተሰበሰበ የሚያሳይ ምስል ነውና፣ ያ ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። በብዙ ቦታ የሚገኘው የተለመደው ፔት የሚሠራው ኤፍዲጂ በተባለ፣ ስኳርን በሚመስል ንጥረ ነገር ነው። ለሳንባና ለሌሎች ብዙ ካንሰሮች ይጠቅማል፤ ዕጢው ከጎረቤቶቹ ይልቅ ስኳር ስለሚሻማ ደምቆ ይታያልና። አንጎል ግን ጤነኛ ሆኖም ስኳር በላተኛ ነው፤ ሰውየው አርፎ ተቀምጦ እንኳ ሰውነቱ ከሚያወጣው ጉልበት 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው እርሱ ነው። ስለዚህ በኤፍዲጂ ምስል ላይ አንጎሉ በሙሉ ይበራል፤ ዕጢውን ከዚያ መካከል መፈለግ በደመራ እሳት ውስጥ የተለኮሰ ጧፍ እንደ መፈለግ ነው። ለእንዲህ ያለው ዕጢ የሚሻለው በአሚኖ አሲድ የሚሠራው ነው፤ ኤፍኢቲ፣ ኤፍዶፓ ወይም ሜታዮኒን ብለው ይጠይቁ። ጤነኛው የአንጎል ክፍል እነዚህን ብዙም አይስብም፣ ዕጢው ግን ይስባል። ጨረር በሚያወጣው ካርቦን 11 የሚዘጋጀው ሜታዮኒን በ20 ደቂቃ ውስጥ የጨረር ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማምረቻው እዚያው ከሌለ አይታሰብም። በፍሎሪን 18 የሚዘጋጁት ግን ኃይላቸው በግማሽ እስኪቀንስ ወደ 110 ደቂቃ ስለሚፈጅ ከሌላ ቦታ ተጭነው ሊመጡ ይችላሉ።

ይህን ቀድሞ የነገረን አንድም ሰው አልነበረም። ጉዳያችንን የያዘው አስፈጻሚ ኒው ዴሊ ላይ «ሙሉ ሰውነት ፔት» ብሎ ቀጠሮ አስያዘልን፤ ስንጠይቀው «ሁሉንም ያያል፣ ምን ቀራችሁ?» ይል ነበር። ውጤቱ ሲመጣ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ በዚህ ምርመራ አንጎሉን በሚገባ መገምገም እንደማይቻልና በአሚኖ አሲድ መደገም እንዳለበት ተጽፎ አገኘን። ጎዛምን ያሉት አባታችን የሸጧቸው ሁለት በሬዎች ዋጋ የወንድሜ ሳንባና ጉበት ጤነኛ መሆናቸውን ለማወቅ ወጣ ማለት ነው። አስፈጻሚው ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሣም።

ሁለተኛ፣ የድሮዎቹን ምስሎች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ ፊልሙን ሳይሆን ሲዲውን። ኤምአርአይ ላይ ምስሉን የሚያጎላው መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ የተበሳበት ቦታ ነው። ያንን ዕጢም ይበሳዋል፣ ቢላዋም ይበሳዋል፣ ጨረርም ይበሳዋል። ሐኪሙ ምን ያህል እንዳወጣ የሚታወቀው ከቀዶ ጥገናው በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ በሚነሣው ኤምአርአይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የቁስሉ ነጭነት ይቀላቀልበታል። ስለዚህ ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ ይህ ነው፦ አሁን የሚነሣው ፔት ያኔ ምን ያህል እንደወጣ አይነግርዎትም፤ የሚነግርዎት አሁን የሚታየው ነገር ሕይወት ያለው ዕጢ ነው ወይስ ጨረር የተወው ጠባሳ የሚለውን ነው። በተለይ ጨረሩ ባለቀ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ኤምአርአይ ዕጢ ያደገ አስመስሎ ማሳየቱ የተለመደ ነው።

ሲዲውን ለማግኘት ያየነውን ግን አይጠይቁኝ። ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል የምስል ክፍል፣ በመስኮቱ የተቀመጠው ሠራተኛ ፖስታውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ፊልሙ ይበቃችኋል፤ ሲዲ ለሐኪም እንጂ ለባላገር አይሰጥም» አለኝ። ባላገር መሆኔን አልካድኩም፤ ከቀዶ ሐኪሙ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አጽፌ፣ ባዶ ሲዲ ከሱቅ ገዝቼ ተመልሼ መጣሁ። የመጀመሪያውን ጽፎ ሲሰጠኝ የጓደኛዬን ላፕቶፕ እዚያው መስኮት ሥር ከፍቼ ብሞክረው ባዶ ነበር። ሳልናገር መልሼ በመስኮቱ አስገባሁለት፤ ሁለተኛው ሲከፈት የወንድሜን ስም፣ ቀኑንና ምስሉን እያንዳንዱን አይቼ ነው የወጣሁት። እርስዎም ሳይከፍቱ ከመስኮቱ አይራቁ። ኋላ ዴሊ ላይ ሌላ ሐኪም ከቀዶ ጥገናው በፊትና በኋላ የተነሡትን ከኤፍኢቲው ምስል ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ደርባ ያየችልን በዚያ ሲዲ ነው፤ «በሚገባ ተዘጋጅታችሁ መጥታችኋል» ስትለኝ፣ አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኛል።

ሦስተኛው የዝግጅት ጉዳይ ነው። ለኤፍኢቲ ቢያንስ 4 ሰዓት ያህል ምግብ አይበላም። እህትዎ ዴክሳሜታዞን የተባለውን የአንጎል እብጠት መቀነሻ መድኃኒት እየወሰደች ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ በተለይ ኤፍዲጂን ያበላሻል፣ ኤምአርአዩ ላይ ያለውንም ነጭነት ያደበዝዛል። በራስዎ ግን አያስቁሟት። ወደ ህንድ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙት። የወንድሜ ነጭ ቀለበት አሚኖ አሲዱን እምብዛም ስላልሳበ ሐኪሟ የጨረር ውጤት ሳይሆን እንደማይቀር ጻፈች፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገናም ቀረለት፣ ክትትሉ በኤምአርአይ ቀጠለ። ይህ ግን ዋስትና አይደለም። ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቅሪት ፔቱን ሊያመልጠው ይችላል፤ አዝጋሚ ከሆኑት ዕጢዎች ውስጥም ጭራሽ የማይስቡ አሉ። ስለዚህ የፓቶሎጂ ውጤቷን፣ ማለትም የወጣው ዕጢ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የተጻፈውን፣ ከተቻለም ብሎኩን፣ ማለትም ከዕጢው በሰም ተይዞ የተቀመጠውን ናሙና፣ ይዘው ይሂዱ።

ሕፃን ልጅ አላት ብለዋል። ምርመራው በተደረገበት ዕለት ለጥቂት ሰዓታት ልጁን ሌላ ሰው ይያዘው፤ እርሷ ውኃ በብዛት ትጠጣ፤ የምታጠባ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሲያስይዙ ይህንንም አብረው ይንገሯቸው።