የቴሌስኮፕ ንድፍ በየትኛው ሶፍትዌር ይሳል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ቴሌስኮፕና ሌሎች የሌንስ ወይም የመስታወት መሣሪያዎችን በገዛ እጃቸው ለመሥራት የሚያቅዱ የሐዋሳ አንባቢዎች የላኳቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚያጠነጥኑት በንድፍ ማውጫ ሶፍትዌር ምርጫ ላይ ነው። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ስፋቱ 150 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ (ከመስታወቱ እስከ ምስሉ ማረፊያ ያለው) 1200 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት አለኝ፤ የኒውተን ዓይነት ቴሌስኮፕ ልሠራበት አስቤአለሁ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ ኢንተርኔትም ሁልጊዜ አላገኝም። በምን ልንደፍ? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ ሊብሬካድ ይበቃዎታል። በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቱዲ፣ ማለትም እንደ ወረቀት ሥዕል ጠፍጣፋ የሆነ ንድፍ ብቻ ስለሚያወጣም አሮጌ ኮምፒውተርን አያስጨንቅም። እንደ ኦንሼፕ ያሉት በብሮውዘር የሚሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ነገር ቢችሉም፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሥራዎ አብሮ ይቆማል፤ የኦንሼፕ ነጻ አገልግሎት ደግሞ ንድፍዎን ማንም እንዲያየው ክፍት ያደርገዋል።

እኔን ከሶፍትዌሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ የአሳሳሉ ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ጀማሪዎች ቱቦውን አስቀድመው ይስሉና ብርሃኑን በኋላ ሊያስገቡበት ይታገላሉ። እርስዎ ግን ዋናውን መስታወት ወክሎ የሚቆም የ150 ሚሊሜትር መስመር ይሳሉ፤ ከእሱ 1200 ሚሊሜትር ርቆ፣ በዚያው መሐል መስመር ላይ፣ 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሌላ መስመር ያቁሙ፤ ይህ ሁለተኛው ምስሉ የሚያርፍበትና ሙሉ ብርሃን እንዲያገኝ የሚፈልጉት ስፍራ ነው። የሁለቱን ጫፎች፣ ላይኛውን ከላይኛው ታችኛውን ከታችኛው፣ ሲያገናኙ የብርሃኑ መንገድ ይወጣል። ከቱቦው መሐል እስከ ምስሉ ማረፊያ ያለው ርቀት፣ ማለትም የቱቦው ግማሽ ስፋትና የዓይን ሌንሱ መያዣ ቁመት ተደምሮ፣ 170 ሚሊሜትር ነው እንበል። ከምስሉ ማረፊያ 170 ሚሊሜትር ወደ ዋናው መስታወት ተመልሰው የመንገዱን ስፋት ሲለኩ 30 ሚሊሜትር ገደማ ያገኛሉ፤ ብርሃኑን ወደ ጎን፣ ወደ ዓይን ሌንሱ የሚያዞረው ትንሹ ሰያፍ መስታወት (ሁለተኛው መስታወት) የሚቆመው እዚህ ስለሆነ፣ አጭሩ ስፋቱ ቢያንስ ይህን ያህል መሆን አለበት። መያዣው በ40 ሚሊሜትር ቢረዝም ስፋቱ ወደ 35 ይጠጋል፤ ሁለተኛው መስታወት በሰፋ ቁጥር ደግሞ ወደ ዋናው የሚገባውን ብርሃን የበለጠ ይጋርዳል። ስለዚህ አጭር መያዣ ይፈልጉ፤ ቱቦውን የሚስሉት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ለመስታወቱ መቀመጫ በስኬችአፕ የ152 ሚሊሜትር ክብ ስዬ በማሽን አስቆረጥሁ። 150 ሚሊሜትሩ መስታወት ላላ ብሎ መግባት ሲገባው ጥብቅ አለብኝ። ጥፋቱ የቆራጩ ነው?

መልስ፦ ቆራጩን ከመውቀስዎ በፊት ፋይሉን ይመርምሩ። ስኬችአፕ ክብ የሚስለው ከቀጥታ መስመሮች ሲሆን፣ ቁጥሩን ካልቀየሩት በስተቀር ክቡ 24 ጎን ያለው ቅርጽ ነው። የ152 ሚሊሜትሩ ልክ ከማዕዘን ማዕዘን ይደርሳል፤ ከጎን ጎን ግን 150.7 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያሰቡት የ2 ሚሊሜትር ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር በታች ወርዷል። ክቡን ከመሳልዎ በፊት የጎኖቹን ቁጥር 96 ቢያደርጉ የሚጎድለው 0.1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። መስታወቱን በግድ እንዳያስገቡት አደራ፤ የተጨነቀ መስታወት ቅርጹ ስለሚዛባ ኮከቡን አጥርቶ አያሳይም።

ጥያቄ፦ የምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ አውቶካድ እችላለሁ። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። ለተማሪዎች የሚሰጠው ነጻ ፈቃድ ግን በየዓመቱ የሚታደስና ለትምህርት ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ፣ ንድፍዎን ዲኤክስኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ጭምር ያስቀምጡ፤ ሊብሬካድም ሌሎቹም ይከፍቱታል።

ጥያቄ፦ ፍሪካድ የምሠራው መሣሪያ ምስሉን አጥርቶ ያሳይ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረኛል?

መልስ፦ በራሱ አይነግርዎትም። የንድፍ ሶፍትዌር ክፍሎቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን ያሳያል እንጂ ብርሃን በመስታወት ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ አያሰላም። ለፍሪካድ የጨረር መንገድ የሚያሳይ ተጨማሪ ክፍል ተዘጋጅቶለታል፤ መንገዱን ለማየት ጥሩ ነው። የምስሉን ጥራት በቁጥር ለማወቅ ግን ለሌንስ ስሌት የተሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ኦስሎ የተባለው እንዲህ ያለ ፕሮግራም የትምህርት ቅጂው ነጻ ሲሆን፣ እስከ 10 የሌንስ ወይም የመስታወት ገጽ (ብርሃን የሚያገኘው ፊት) ድረስ ያስተናግዳል፤ ሁለት መስታወት ወይም ሁለት ተጣባቂ ሌንስ ላለው ሥራ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ አናጺው የስሪዲ ምስሉን አይቶ አደነቀ፤ ሥራውን ግን መጀመር አልቻለም። ምን ልስጠው? (ከአቶቴ)

መልስ፦ እውነቱን ነው፤ የሚያምር ምስል ልኬት አይደለም። ከፊት፣ ከጎንና ከላይ የሚታየውን ለየብቻ ስለው ልኩን በሚሊሜትር ይጻፉበት። የመስታወቱን መቀመጫና ክብ ቀዳዳዎቹን ደግሞ እንጨቱ ላይ ለጥፎ እንዲቆርጥ በትክክለኛ መጠናቸው ያትሙለት። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ፒዲኤፉን ከወረቀቱ ጋር እንዲስማማ አድርገው ሲያትሙት ንድፉ ሳይታወቅ ያንሳል። መጠኑ 100 ፐርሰንት እንዲሆን ይንገሯቸው። በንድፉ ጥግ ላይም 100 ሚሊሜትር የሆኑ አንድ አግድምና አንድ ቋሚ መስመር ይሳሉ፤ ወረቀቱን ከመቀበልዎ በፊት ሁለቱንም እዚያው በማስመሪያ ይለኩ። ከኤፎር ወረቀት ለሚበልጠው ክፍል የግንባታ ፕላን የሚያትሙ ቤቶች ፕሎተር (በትልቅ ወረቀት የሚያትም ማሽን) አላቸው።