ነጭ አንገት ያለው ክሬን የት ይገኛል?

ጥያቄ፦ በጥቅምት ባሌ ለመሄድ አስበናል። ነጭ አንገት ያለውን፣ ክሬን የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሰነቴ (በባሌ ተራሮች ያለው ከፍተኛ ሜዳ) ላይ ማየት ይቻላል? ከሌሎች ረጃጅም ወፎችስ በምን እንለየው?

መልስ፦ በጥቅምት ተስፋ አለ፤ በጥር ቢሆን ሌላ ቦታ እንልካችሁ ነበር። ይህ ወፍ ሰነቴ የሚወጣው ለመራባት ነው። ክረምቱ ረግረጉን ሲሞላው ጥንዶቹ በውሃ በተከበበ ሣር ላይ ጎጆ ይሠራሉ። እንቁላሉ የሚታቀፈው ከ33 እስከ 36 ቀን ነው፤ ጫጩቷ ለመብረር ግን ከ90 እስከ 130 ቀን ያስፈልጋታል። ስለዚህ በክረምት የፈለፈሉ ጥንዶች በጥቅምትም ከልጃቸው ጋር እዚያው ሊገኙ ይችላሉ። በበጋ ዝቅ ወዳሉ ረግረጎች ይወርዳሉ፤ ያኔ የሚፈለጉት በሀዲያ ዞን ቦዮ ረግረግ ነው።

መለያው አንገቱ ነው፤ ከራሱ ሥር እስከ ደረቱ ነጭ ነው። ሆዱ ጥቁር፣ ጀርባው ግራጫ፣ በምንቃሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀይ ሲሆን ከአገጩ ሥር እንደ ሎቲ ሁለት ነጭ ነገሮች ይንጠለጠላሉ። በጫጩቷ ላይ ቀዩን ቆዳ አትፈልጉ፣ ገና አልወጣላትም። ቁመቱ እስከ 175 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በጋውን ለማሳለፍ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ክሬን አንገቱ ጥቁር ነው። በጣና ዙሪያ የሚታየው ደግሞ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ አለው። ሌላው ረጅም ወፍ ሳቢሳ ሲበር አንገቱን ያጥፋል፤ ክሬን ግን ዘርግቶ ይበራል።

ጎባ አድራችሁ በማለዳ ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ደመናና ጭጋግ ሜዳውን ይሸፍነዋል። ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ራስ ምታት የሚይዘው ሰው አይጠፋም፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተነሥቶ መውጣት አይመከርም። በጎባና በዶሎ መና መካከል ያለው መንገድ ሜዳውን ያቋርጣል። ኩሬና ረግረግ ባለበት ቁሙና ከመኪናው ሳትወርዱ 8 ወይም 10 ጊዜ በሚያጎላ የሩቅ ማያ መነጽር ቃኙ። ሥራሥር ለመቆፈር ሲያጎነብስ ሣሩ ስለሚሸፍነው አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ጠብቁ።

ብዙ ሰው የሚያጠፋው ለፎቶ ሲጠጋ ነው። ወፉ አንገቱን አቅንቶ መመልከት ከጀመረ ቀርባችኋል፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። የሚጥለው አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ነው፤ ሁለት ቢጥልም የሚያሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። በሰነቴ ብርድ እናቲቱ ከጎጆዋ ብትነሣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ የዓመቱም ልጅ አብሮ ይጠፋል። በኢትዮጵያ የቀረው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከደቡባዊ አፍሪካ ዘመዶቹም ርቆ ለብቻው ይኖራል። እባካችሁ ወደ ረግረጉ በእግር አትግቡ።