የወንድሜ ልጅ ክንዱን ይመን ወይስ ትምህርቱን ይቀጥል?

ጥያቄ፦ ለስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በደሴ ከተማ በንግድ ሥራ የምተዳደር የ58 ዓመት ሰው ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከባለቤቱ ጋር በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ የበኩር ልጁ ዘንድሮ 17 ዓመት ሞልቶታል። ልጁ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ ኳስ ወርዋሪ ሲሆን፣ አሠልጣኙ «ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ፕሮፌሽናል ክለብ ሊወስደው ይችላል» ብሎ ለወላጆቹ ነግሯቸዋል። አባቱ ደስ ብሎታል፤ እናቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይመረቅ የኳስ ወሬ አልሰማም ብላለች። የቤቱ ታላቅ እኔ በመሆኔ ነገሩን ለእኔ ጥለውታል። ልጁም በስልክ «ጋሼ፣ እባክዎ እማዬን ያሳምኑልኝ» ይለኛል። እኔ ከእግር ኳስ በቀር ሌላ ኳስ አላውቅም። ሥራው ምን ዓይነት ነው? እስከ ስንት ዓመት ያሠራል? እንጀራ ይሆናል ወይ? በቅርቡ ደግሞ «ክርኔን ያመኛል» ማለቱን ከእናቱ ሰምቻለሁ፤ ይህስ ያሳስባል? (ከደሴ፣ አራዳ)

መልስ፦ በደብዳቤዎ መጨረሻ ያነሡትን የክርን ሕመም አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ የዕድሜውም፣ የገንዘቡም፣ የትምህርቱም ጥያቄ በእርሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። አዎን፣ ያሳስባል። የ17 ዓመት ኳስ ወርዋሪ ክርኔን ያመኛል ካለ፣ በተለይም ሕመሙ በክርኑ የውስጥ ወገን ከሆነ፣ የስፖርት ጉዳት የሚያክም ሐኪም እስኪያየው ድረስ አንዲት ኳስ እንኳ መወርወር የለበትም። ይህን ዛሬውኑ ደውለው ይንገሯቸው፤ የቀረውን መልሴን ከዚያ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል።

የክርኑ ነገር ለምን ይህን ያህል እንደሚከብድ ለመረዳት ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። ወርዋሪው በሜዳው መካከል ካለች ዝቅተኛ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ፣ 18.44 ሜትር ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ ይወረውራል፤ ይህ ርቀት እ.ኤ.አ. ከ1893 ጀምሮ አልተለወጠም። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም የምትመዝን፣ በቀይ ክር የተሰፋች የቆዳ ኳስ ናት። ሁለቱ ጣቶች በስፌቱ ላይ የሚያርፉበት መንገድና እጁ ኳሷን በሚለቅበት ጊዜ የሚሰጣት ሽክርክሪት ቀጥ ብላ ትሂድ ወይስ መቺው ፊት ስትደርስ ትጠምዘዝ የሚለውን ይወስናሉ። በአሜሪካ ታላቁ ሊግ ፈጣኑ ውርወራ በአማካይ በሰዓት 151 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ኳሷ ከእጅ ወጥታ መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅባትም። እንግዲህ የወርዋሪው ሙያ ፍጥነትንና አቅጣጫን እየለዋወጠ መቺውን ማሳሳት ነው፤ አንድ ጨዋታ የሚጀምር ወርዋሪም በዚያች ቀን እስከ 100 ጊዜ ያህል ይህንኑ ይደጋግማል።

አሁን ክንዱን ብቻ ይመልከቱልኝ። ወርዋሪው አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ ፊት ሲራመድ ክንዱ ከኋላ ይቀራል፤ ደረቱ ቀድሞ ወደ መቺው ሲዞር ክንዱ መዳፉ ወደ ሰማይ እስኪያይ ድረስ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ከዚያም በቅጽበት ወደ ፊት ይወነጨፋል። መለጠጡ አብቅቶ መወንጨፉ በሚጀምርባት ቅጽበት ጭነቱን የሚሸከመው በክርኑ የውስጥ ወገን የላይኛውንና የታችኛውን የክንድ አጥንት የሚያያይዝ አጭር ጅማት ነው። ልጁ ጡንቻውን ባፈረጠመ ቁጥር ያ ጅማት በዚያው ልክ አይጠነክርለትም። አንዳንዴ በአንድ ውርወራ ይበጠሳል፤ ይበልጡን ጊዜ ግን ድካም በድካም ላይ ሲደራረብበት ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄዳል፤ ልጁም መጀመሪያ የሚያየው ምልክት የወንድምዎ ልጅ የተናገረውን ዓይነት ሕመም ነው።

እስከ 1974 ድረስ ይህ ጅማት የተበጠሰበት ወርዋሪ ሙያው አበቃለት ማለት ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ወር ዶክተር ፍራንክ ጆብ የተባሉ ሐኪም የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ የነበረውን ቶሚ ጆንን፣ ከሌላኛው ክንዱ በተወሰደ ጅማት የተበጠሰውን ተክተው ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ተጫዋቹ የ1975ን የውድድር ዘመን በሙሉ በማገገም አሳልፎ በ1976 ተመለሰ፤ በሙያው ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች መካከል 164ቱን ያሸነፈውም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ነው። ሕክምናው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል። ትልቅ የሕክምና ድል ነው፤ ነገር ግን በዚህ ምክንያት ብዙ ወላጆችና ወጣቶች ጉዳቱን እንደ ቀላል ነገር ማየት መጀመራቸው በጣም ያሳዝነኛል። ማገገሙ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ ወደ ቀድሞ ብቃታቸው የማይመለሱም አሉ። የሊጉ ጽሕፈት ቤት በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት በታላቁና በታችኞቹ ሊጎች የተደረጉት እነዚህ ቀዶ ሕክምናዎች በ2010 ከነበሩበት 104 በ2024 ወደ 281 ማደጋቸውን ገልጾ፣ ዋና ምክንያት ያደረገው ወርዋሪዎች ሁልጊዜ በሙሉ ኃይላቸውና ለፍጥነት ብቻ መወርወራቸውን ነው።

እስከ ስንት ዓመት ያሠራል ላሉት፣ መልሱ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። ኖላን ራያን በታላቁ ሊግ 27 የውድድር ዘመን ተጫውቶ፣ 5,714 መቺዎችን ኳስ ሳያስነካ አሰናብቶ በ46 ዓመቱ ነው ያበቃው፤ በ1993 ሙያውን የዘጋበት ግን ያው የክርን ጅማት ነበር። ሳንዲ ኮፋክስ በ1966 27 ጨዋታ አሸንፎ በዘመኑ አቻ ባልነበረው ብቃት ላይ ሳለ፣ ክርኑ በመገጣጠሚያ ሕመም በመጎዳቱ በ30 ዓመቱ ተሰናበተ። ሳቸል ፔጅ ደግሞ ጥቁሮች ከታላቁ ሊግ በታገዱበት ዘመን ዕድሜውን በጥቁሮች ሊግ አሳልፎ፣ በ42 ዓመቱ በ1948 ለመጀመሪያ ጊዜ በታላቁ ሊግ ተሰለፈ። ወንድምዎ ልጁን በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች ልክ እንዳያስብ አደራ ይበሉት፤ ክለብ ከሚመርጣቸው ወጣቶች ብዙዎቹ ታላቁ ሊግ ሳይደርሱ ነው የሚቀሩት።

ወደ እንጀራው ልምጣ። በየዓመቱ በሐምሌ 30ዎቹ ክለቦች በ20 ዙር ወጣቶችን ይመርጣሉ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የተመረጠ ልጅ ለፊርማው ብቻ ሚሊዮን ዶላር ሊያገኝ ይችላል፤ ዙሩ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ግን ገንዘቡ በፍጥነት ይቀንሳል። ከፈረመ በኋላ የሚላከው ወደ ታችኞቹ ሊጎች ነው። በዚያ በ2023 በተፈረመው የጋራ ውል የዓመት ደመወዙ ከ19,800 ዶላር ጀምሮ ከታላቁ ሊግ በታች ባለው የመጨረሻ እርከን 35,800 ዶላር ነበር፤ ይህ በአሜሪካ ኑሮ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ገንዘብ አይደለም። ታላቁ ሊግ የገባ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ በ2025 760,000 ዶላር ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ገደል ልጁ ራሱ በዐይኑ እንዲያየው ቢደረግ ከማንኛውም ምክር የበለጠ ያስተምረዋል። በታላቁ ሊግ 43 ቀን ያገለገለ የጡረታ መብት ያገኛል፤ ከፈለገው ክለብ ጋር በነጻነት ለመዋዋል ግን ስድስት የአገልግሎት ዓመት መሙላት አለበት።

ኑሮውም እንደ እግር ኳስ በሳምንት አንድ ቀን የሚጫወቱበት አይደለም። ታላቁ ሊግ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ መስከረም ድረስ እያንዳንዱን ቡድን 162 ጨዋታ ያጫውታል። ጨዋታ የሚጀምሩ አምስት ያህል ወርዋሪዎች ተራ እየተቀባበሉ በየአምስት ቀኑ ሲሰለፉ፣ በመካከሉ ባሉት ቀናት ሩጫ፣ ማሸት፣ ቀላል ልምምድና የተቃራኒ ቡድን መቺዎችን በቪዲዮ ማጥናት አለ። (ልጁ አንድ ቀን ጨዋታዬን ይዩልኝ ቢልዎ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል በበጋቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚጀመረው ጨዋታ ደሴ ላይ ሌሊት 8 ሰዓት መሆኑን ይወቁት።)

በትምህርቱና በሙያው መካከል የእኔ አስተያየት ወደ እናቱ ያደላል። ልጁ ከሁለተኛ ደረጃ ተመርጦ ሳይፈርም የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቢገባ፣ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ ወይም 21 ዓመት ሲሞላው እንደገና ሊመረጥ ይችላል፤ ስለዚህ በሩ አይዘጋበትም። ጄከብ ዲግሮም ዩኒቨርሲቲ የገባው በሌላ የሜዳ ቦታ ተጫዋች ሆኖ ነው፤ ወርዋሪ የሆነው እዚያ ሳለ ሲሆን በ2010 በዘጠነኛው ዙር ተመረጠ፤ በዚያው ዓመት የክርን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ታላቁ ሊግ የደረሰው በ25 ዓመቱ ቢሆንም በ2018 እና በ2019 በሊጉ የምርጥ ወርዋሪነት ሽልማትን ወስዷል። እርግጥ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም ሳለ ክንዱ ሊጎዳና የፊርማው ገንዘብ ሊያመልጠው ይችላል፤ ይህን ከእናቱ መደበቅ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ተመርጦ ከፍ ያለ ገንዘብ ቢቀርብለትና ክለቡ ወደፊት የሚማርበትን ወጪ የሚሸፍን አንቀጽ በውሉ ውስጥ ቢያስገባለት ቢፈርም አልቃወምም፤ አንቀጹ በጽሑፍ ከሌለ ግን የቃል ተስፋ ነው፣ አይያዝለት። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ክለቦች ስለሚያውቁት ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም።

ከዚያ በፊት ግን ወንድምዎ ከአሠልጣኙ በቁጥር የሚጠይቀው ነገር አለ። በአሜሪካ ለወጣት ወርዋሪዎች በ2014 በወጣው መመሪያ መሠረት የ17 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ105 ውርወራ ማለፍ የለበትም፤ ከ80 በላይ ከወረወረ አራት ቀን ማረፍ አለበት፤ በዓመትም ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ መራቅ ይገባዋል። ልጁ በትምህርት ቤቱም በግል ክለብም የሚጫወት ከሆነ፣ ሁለቱ አሠልጣኞች እርስ በርስ ሳይነጋገሩ እያንዳንዱ ከመመሪያው በታች እያሠራው ድምሩ ከመመሪያው በላይ ሊሆን ይችላል። ለብዙ ወጣቶች ክንድ መጎዳት ምክንያት የሚሆነው ይህ ነው፤ ስለዚህ ድምሩን መያዝ የአባቱ ሥራ ይሁን።

ጥያቄ፦ በቆቦ አካባቢ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ማሽላ የሚጠብቁ ተማሪዎቼ ከማማ ላይ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርሩ ሳይ የክንዳቸው ብርታት ያስደንቀኛል። ከኛ አገር ልጅ የቤዝቦል ወርዋሪ ሊወጣ ይችላል ወይ? (ከቆቦ)

መልስ፦ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ ገና አልተጠረገም። በወንጭፍ የሚወረውር ልጅ ዐይኑን፣ ትከሻውንና ጊዜ አጠባበቁን ያሠለጥናል፤ ይሁን እንጂ ቤዝቦል በባዶ እጅ የሚወረወር በመሆኑ በክርን ላይ የሚያሳድረው ጭነት ሌላ ነው፤ የጣቶቹንም ሥራ ከመጀመሪያው መማር ያስፈልጋል። ከአፍሪካ በታላቁ ሊግ የመጀመሪያው ተጫዋች በ2017 የተሰለፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጊፍት ንጎፔ ነው፤ የመጀመሪያው አፍሪካ ተወላጅ ወርዋሪም የአገሩ ልጅ ቴይለር ስኮት ሲሆን በ2019 ተሰለፈ። ይበልጥ ለእኛ የሚቀርበው ግን የኡጋንዳ ታሪክ ነው፦ ከሉጋዚ የመጡ ልጆች በ2012 በሕፃናት የዓለም ውድድር ላይ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተሳታፊ ቡድን ሆነዋል። ክለቦቹ ከውጭ አገር ልጅ የሚያስፈርሙት ከ16 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ፣ በ17 እና በ18 ዓመት ለመጀመር ማሰብ ዘግይቶ መነሣት ነው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብዙ ወርዋሪ የምታወጣው 30ዎቹም ክለቦች እዚያ ማሠልጠኛ ስላላቸው ነው፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ መምህሩ ራሱ መጀመሪያው መሆን አለበት።

ደጋ ላይ መጫወትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚሽከረከር ኳስ አቅጣጫውን የሚቀይረው በመጠኑ ነው፤ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው በዴንቨር ወርዋሪዎች ዘወትር የሚያማርሩት ይህንን ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ደግሞ ኳሷ ከዚያም ባነሰ ትጠመዘዛለች፤ የቆቦ ሜዳ ዝቅ ያለ በመሆኑ ለልጆችዎ የተሻለ ነው።

ለመጀመር ጓንትና የቴኒስ ኳስ ይበቃል፤ ለትንንሾቹ ልጆች ርቀቱን 14 ሜትር ያድርጉት፤ ከ11 እስከ 12 ዓመት የሆናቸው በአንድ ቀን ከ85 ውርወራ እንዳያልፉ ደብተር ይዘው ይቁጠሩላቸው። ማሽላ ሲጠብቅ ውሎ የመጣ ልጅ ክንዱ ደክሞ ስለሚሆን በዚያ ቀን ሩጫ ብቻ ይስጡት።