ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ማመልከቻ

ባለፈው እሑድ የብሎካችን ልጅ ደረጃ ላይ አስቆመችኝ። የሶፍትዌር ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ትመረቃለች። «ጋሼ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ስሪዲ ዴስክቶፕ ላድርገው ወይስ ሥራ የሚያስገኝ ነገር ልሥራ?» አለችኝ። ፋይሎችና መስኮቶች እንደ እውነተኛ ክፍል በጥልቀት የሚታዩበትን ስክሪን ማለቷ ነው።

«እስቲ ላስብበት» ብያት ቤቴ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ያሰብኩት ስለ እሷ ፕሮጀክት አልነበረም። ከእኛ ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ስለማትርቀው ስለ አቃቂ፣ እዚያ ስለነበረች አንዲት ጠባብ ሱቅ ነው ያሰብኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። እንግሊዝኛ አሻሽሉ፣ ኮዳችሁን ባክአፕ አድርጉ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

በ1999 ዓ.ም. የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። አገሩ ሁሉ ስለ ሚሌኒየሙ ያወራል፤ እኔ ስለ ኩብ። በዚያን ጊዜ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሊኑክስ፣ ኡቡንቱ የሚባለው ዓይነት፣ በሲዲ ሆኖ በነፃ በፖስታ ይላክ ነበር። አድራሻህን ትሞላለህ፣ ትረሳዋለህ፣ አንድ ቀን ይመጣል። ጓደኛዬ በመጣለት ሲዲ ሊኑክስ ጫነና ኮምፒዝ የሚባለውን አሳየኝ። ዴስክቶፑ እንደ ሳጥን ዞረ። በአራቱም ጎን አራት ዴስክቶፕ! ሰን የተባለው ኩባንያም በ2003 እ.ኤ.አ. ሉኪንግ ግላስ የሚባል አሳይቶ ነበር፤ መስኮቱን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ማስታወሻ የምትጽፍበት። ከዚያ ወዲያ ሰው መሆን አቃተኝ። የራሴን ካልሠራሁ አልኩ።

ስሙን «እልፍኝ» አልኩት። ወለል፣ ጣሪያ፣ ሦስት ግድግዳ ያለው ክፍል ነው። ፋይሎችህ ግድግዳ ላይ እንደ ሥዕል ይሰቀላሉ። ማውሱን ስትጎትት ክፍሉ ይዞራል። ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋና ስሪዲ ሥዕል በሚሣልበት በኦፕንጂኤል ነው የጻፍኩት።

ኮምፒውተር አልነበረኝም። ኮምፒውተር የነበራቸው አቃቂ ዋናው መንገድ ዳር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈቱ ሴትዮ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ ይጽፋሉ። ማታ ሲዘጉ ቁልፉን ይሰጡኛል። እኔ በፈንታው ቫይረስ አጸዳለሁ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ አወጣለሁ። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ቲጥ ቲጥ ማለት ሲጀምር መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ ሴቭ አድርጌ እዘጋና ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ስንቱን ነገር ያሰብኩት በዚያ ጨለማ ነው።

ማሽኑ ፔንቲየም 4 ነው፤ ራሙ፣ ማለትም ሲሠራ ነገሮችን የሚይዝበት ሜሞሪ፣ 256 ሜጋባይት። የራሱ ግራፊክስ ካርድ ስለሌለው ለሥዕል የሚያስፈልገውን ከዚያው ራም ላይ ይቀነጥባል። የድሮ ግራፊክስ ቺፕ ደግሞ ግድግዳ ላይ የምትለጥፈውን ምስል ጎኖቹ ሁለትን በራሱ ደጋግሞ በማባዛት የሚገኙ፣ እንደ 512 ወይም 1024 ያሉ ቁጥሮች ካልሆኑ አልቀበልም ይላል። ስለዚህ 1024 በ768 የሆነውን ስክሪን 1024 በ1024 ውስጥ ትከተዋለህ። ለአንድ መስኮት 4 ሜጋባይት ሄደ። አምስት ስትሰቅል ማሽኑ ማቃሰት ይጀምራል።

ሦስት ሌሊት የበላኝን ነገርም ልንገራችሁ። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ስለጥፈው ሁለቱ እየተሻሙ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ማሽኑ የቱ እንደሚቀድም መለየት አቅቶታል። ለካ ማሽኑ ማየት የሚጀምርበትን ነጥብ ከዓይን በ0.01 ርቀት ላይ አድርጌው ኖሯል። ርቀት የሚለካበት አቅሙ ሁሉ አፍንጫው ሥር አልቆ ለግድግዳው ምንም አልተረፈለትም። ወደ 1 ስገፋው ቀጥ አለ። ብቻዬን ጨፈርኩ። የዛሬ ልጆች ይህን ቻትጂፒቲ ጠይቃችሁ በአንድ ደቂቃ ታገኙታላችሁ። ታድላችኋል። ግን ጭፈራውስ?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬን «ይሞክሩት» ብዬ አስቀመጥኳቸው። የቤት ክርክር ያለባቸው አንድ አዛውንት ወረፋ ይጠብቃሉ። የትናንቱ ማመልከቻቸው በግራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ማውሱን ጎተቱ፤ ክፍሉ አልፎ ሄደ። መለሱት፤ ጣሪያው መጣ። ሳቁ። በመጨረሻ አገኙት፤ ግን ግድግዳው ወደ ጎን ስለሆነ ጽሑፉ ተንጋዷል። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «...ቤቱን እንዲያስረክበኝ...»

«ኧረ ቤቴን ነው ያልኩት!» ብለው አዛውንቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

የተጻፈውማ «ቤቴን» ነበር። የ«ቴ» ቀለበት ግን ምስሉ ሲንጋደድ ደብዝዞ ጠፍቷል። የላቲን ፊደል ትንሽ ቢደበዝዝ ቃሉን ገምተህ ታነበዋለህ። የኛ ፊደል አንዲት እግር፣ አንዲት ቀለበት ከጠፋችበት የሰው ቤት ይወስዳል።

እትዬ አልተቆጡም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አላውቅም» አሉኝ። «ጠረጴዛዬ ላይ ነው የምከምረው። የዛሬው ከላይ፣ የቆየው ከሥር። ያላለቀውን አጣምሜ ነው የማስቀምጠው፤ እንዳልረሳው።» ይህን እያሉ ወደ እኔ እያዩ እጃቸውን ወደ ክምሩ ላኩና ከመሃል አንዲት ጠመም ያለች ወረቀት መዘዙ። የአዛውንቱ ነበረች።

እኔስ ምን አልኩ? «እትዬ፣ እርስዎ የሚያውቁት ታይፕ ብቻ ነው። ይሄ የወደፊቱ ነው» አልኳቸው። በደንበኛቸው ፊት። በገዛ ወንበራቸው ላይ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «እሺ ልጄ» አሉና የለመዱትን ዊንዶውስ ከፈቱ። ማታ እንደ ወትሮው ቁልፉን ሰጡኝ።

ለማቅረቢያው ቀን ሲፒዩውንም አዋሱኝ። በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ አቅፌው ገባሁ፤ ወያላው የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፈለኝ። «ሕፃን አይደለም እንዴ?» ብለው አንድ እናት ጋቢውን ገለጥ አድርገው ማየታቸው እስካሁን ያስቀኛል። አዳራሹ አጨበጨበ። ከፈታኞቹ አንዱ «ከተለመደው ዴስክቶፕ በምን ይሻላል?» ቢለኝ «ያምራል» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ኤ ተሰጠኝ። ያቺ ኤ ናት ያበላሸችኝ።

በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ በተቀጠርኩበት ቢሮ፣ ኢንተርኔቱ እየቆመ እየሄደ፣ አንድ ቪዲዮ አየሁ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አናንድ አጋራዋላ የሚባል ተማሪ ለማስተርሱ የሠራው ባምፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ጠረጴዛ ነው። ወረቀቶቹ ተከምረዋል። አንዳንዱ ተጣሟል። ሥራዬን ትቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የእትዬ ጠረጴዛ ነበር።

ብሰማቸው ኖሮ እኔ እከብር ነበር ማለቴ አይደለም። ባምፕቶፕን በ2010 እ.ኤ.አ. ጎግል ገዛውና ሽያጩ ቆመ። ዊንዶውስ ቪስታ ይዞት የመጣው መስኮቶችን በጥልቀት የሚደረድረው ነገርም ዊንዶውስ 8 ላይ ቀርቷል። በኒውዚላንድ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ኮክበርንና ማኬንዚ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ጥልቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰዎች የሚፈልጉትን ገጽ ቶሎ የማግኘት ችሎታቸው ሲቀንስ አይተዋል። እኔ ኮድ መጻፍ ከመጀመሬ ከዓመታት በፊት! ያላነበብኩትን እትዬ በነፃ ነግረውኛል።

እና አትሥሩት ልበላችሁ? ከላይ ያልኩትን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ እንደዚያ ይመስላል። ግን አልልም። የሆስፒታል መረጃ ሲስተም፣ የሆቴል ቡኪንግ ሲስተም በየዓመቱ ይሠራል፤ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። እኔ ዛሬ የምበላበትን ሒሳብ፣ ማትሪክሱን፣ ሜሞሪ መቆጠብን የተማርኩት ከዚያ ከማይረባው «እልፍኝ» ነው። በዚያ ላይ እናንተ ብራውዘር ውስጥ በአንድ ቀን ታቆሙታላችሁ። አፕል በ2024 እ.ኤ.አ. ዓይን ላይ የሚታሰረውን ቪዥን ፕሮ በ3,499 ዶላር ሲያወጣ መስኮቶቹን ክፍል ውስጥ ነው ያንሳፈፋቸው። ጥያቄው አላለቀም ማለት ነው። ደግሞም የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር «ሥራ ያስገኛል ወይ?» ብላችሁ መጀመራችሁ ደስ አይለኝም። የቤት ኪራዩን ሳየው ግን አልፈርድም።

መንገዱ ሲሰፋ የእትዬ ሱቅ ፈርሷል። ሰኞ ከሥራ ስመለስ አቃቂ ወርጄ ጠየቅኩ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት «ቢሾፍቱ ልጃቸው ጋ ገብተዋል» አለኝ። ሌላው «አርፈዋል መሰለኝ» አለኝ። ሁለቱም እርግጠኛ አይደሉም።

ማክሰኞ ማታ ልጅቷን አገኘኋት። እናቷ ከሥር ግራውንድ ላይ ሱቅ አላቸው። የዱቤ ደብተራቸውን አውቀዋለሁ፤ ጠርዙ በላስቲክ ታስሯል፣ የከፈለ ሰው ገጹ ይታጠፋል፣ ያስቸገረው ላይ የክብሪት እንጨት ይገባል። «ሥሪው» አልኳት። «ግን መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ እናትሽ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ደብተራቸውን እንዴት እንደሚይዙት እዪ። ሲያልቅም መጀመሪያ እሳቸው ይሞክሩት።»

ግር ብሏት አየችኝ። «ጋሼ ደግሞ! እማዬ እኮ ኮምፒውተር አታውቅም» አለችኝ።